ፉርጎው ለምን ከሐዲድ ይወጣል? ቀለሙስ ለምን ይነጣል? የሞዴል ባቡር ችግርና መፍትሄ

ፉርጎ ከሐዲድ ሲወጣ ወዲያው ብሎን መፍታት አትጀምሩ። መጀመሪያ ጥፋተኛውን ለዩ። አንድ ፉርጎ ብቻ በየቦታው እየወጣ ከሆነ ችግሩ ፉርጎው ላይ ነው። የተለያዩ ፉርጎዎች አንድ ቦታ ሲደርሱ የሚወጡ ከሆነ ደግሞ ሐዲዱን ፈትሹ። አንድ ፉርጎ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ካስቸገረ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ጉድለት አለባቸው ማለት ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ልኬቶች ለኤችኦ መጠን ናቸው፤ ማለትም 1:87፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 16.5 ሚሊ ሜትር ያለው።

ፉርጎው ኩርባ ላይ ይጋደማል ወይም ይዘላል

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ክብደት ማነስ ነው። ረጅም ባቡር ኩርባ ላይ ሲጎተት መሃል ያለው ቀላል ፉርጎ ወደ ውስጥ ይሳባል። ኤንኤምአርኤ የተባለው የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለኤችኦ የሚመክረው መነሻ 28 ግራም፣ በላዩም ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት 14 ግራም ገደማ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፉርጎ እንግዲህ ወደ 112 ግራም ይደርሳል። ክብደቱን ወለሉ ላይ፣ በተቻለ መጠን ዝቅ አድርጋችሁና ለሁለቱም ጫፍ እኩል አካፍላችሁ ለጥፉት። ክፍት ፉርጎ ከሆነ ከጭነቱ ስር መደበቅ ይቻላል።

ክብደቱ ልክ ሆኖም ከወጣ ቦጊዎቹን እዩ። ቦጊ ማለት ጎማዎቹን ይዞ ከፉርጎው ስር የሚዞረው ክፍል ነው። ሁለቱም ብሎኖች ጥብቅ ከሆኑ ሐዲዱ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ባለበት ቦታ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀራል። መፍትሄው ቀላል ነው። አንዱን ብሎን ቦጊው ግራና ቀኝ እንዲዞር ብቻ፣ ሳይወዛወዝ፣ ጠበቅ አድርጉት። ሌላውን በትንሹ ላላ አድርጉትና ወደ ጎን እንዲወዛወዝ ፍቀዱለት። ሦስት እግር ያለው በርጩማ ወጣ ገባ መሬት ላይ እንደማይነቃነቀው ፉርጎውም ይረጋጋል። ለእኔ ከሁሉም ጥገናዎች ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይሄ ነው፤ ካቻቢቴ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቀጥሎ በጎማዎቹ መካከል ያለውን ስፋት በመለኪያ አረጋግጡ። ጠቦ ወይም ሰፍቶ ከተገኘ ጎማውን አክስሉ ላይ እያዞራችሁ በቀስታ ሳቡት ወይም ግፉት።

ፉርጎዎቹ መንገድ ላይ ይለያያሉ

የሁለቱ መንጠቆዎች ከፍታ ይለያያል። በከፍታ መለኪያ ለኩ። መንጠቆው ሳጥኑ ውስጥ ላልቶ ከተንጠለጠለ ከስሩ ስስ ፕላስቲክ አስገቡ። ፉርጎው ራሱ ዝቅ ካለ ቦጊው ላይ ስስ ሮንዴላ ጨምሩ። መንጠቆው እየተያዘ በነጻነት የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ተጠቀሙ። ዘይት አታድርጉ፤ አቧራ ይሰበስብና ችግሩ ይብሳል።

ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይወጣሉ

ዓይናችሁን ሐዲዱ ደረጃ ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ በርዝመቱ ተመልከቱ። ከላይ ሲታይ የተስተካከለ የሚመስል መገጣጠሚያ እዚያ ስብራቱ፣ ማለትም ሐዲዱ መስመሩን የሚስትበት ቦታ፣ ይታያል። የሐዲዱን ጫፍ የውስጥ ጠርዝ በጥሩ ሞረድ አለስልሱት። ኩርባ ላይ ከሆነ ሁለቱን ሐዲዶች ከማጉበጣችሁ በፊት ቀጥ እንዳሉ በስታኞ በይዷቸው፤ መገጣጠሚያው አይሰበርም። ሁሉንም መገጣጠሚያ ግን አትበይዱ። ከስር ያለው እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል። ክፍተት ያጣ ሐዲድ ያኔ ይጣመማል።

ሎኮሞቲቩ አንድ ቦታ ላይ የሚሞት ከሆነ የመገጣጠሚያውን ቆርቆሮ ጠርጥሩ። ቆርቆሮው ሐዲድ ይያዝ እንጂ ኤሌክትሪክ ለማስተላለፍ አይታመንም። ለእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ የራሱን ሽቦ አውርዱለት። ሐዲድ ስታጸዱ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ፤ ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛል።

ጠጠሩ ላይ የፈሰሰው ኮላ ይንከባለላል

በሐዲዱ መካከልና ዳር የሚነሰነሰው ደረቅ ጠጠር ውሃ አይቀበልም። መጀመሪያ የሳህን ሳሙና ጠብታ የገባበት ውሃ ወይም አልኮል በስሱ ንፉበት። ከዚያ አንድ እጅ ኮላ በሦስት እጅ ውሃ አቅጥናችሁ አንጠባጥቡ። የሐዲድ መቀየሪያው የሚንቀሳቀስ ክፍል አጠገብ ግን ኮላ አይድረስ።

የአረጀ ለማስመሰል የቀባነው ፉርጎ ነጣ

እዚህ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ፉርጎውን ይጥለዋል። አትጣሉት። በማት (በማያብለጨልጭ) ላከር ቫርኒሽ ላይ አልኮል ያለበት የቀጠነ ቀለም ሲፈስ ቫርኒሹን ያነካካውና ነጭ ጉም ይተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ስስ የዚያው ቫርኒሽ ንብርብር ሲነፋበት ጉሙ ይጠፋል። ቫርኒሹን ገና እንደነፋችሁ ከነጣ ግን ጥፋተኛው የአየሩ እርጥበት ነው። አየሩ ደረቅ ሲሆን ድገሙት።

ተቃራኒው ችግርም አለ። የተቀባው የዱቄት ቀለም ቫርኒሽ ሲነካው ይጠፋል። የጠፋ ይምሰል እንጂ ርሶ ስለጠቆረ ነው። ከምትፈልጉት አብዝታችሁ ቀቡ፣ ቫርኒሹን ራቅ ብላችሁ በስሱ ንፉ፣ ካስፈለገም በላዩ ዱቄቱን ድገሙ።

በቁጥሮቹና በጽሑፎቹ ዙሪያ ብርማ ጠርዝ ከታየ ከዲካሉ፣ ማለትም ቁጥሩና ጽሑፉ ከታተመበት ስስ ተለጣፊ፣ ስር አየር ገብቷል። ማት ቀለም ሸካራ ስለሆነ አየር ይይዛል። ዲካሉን በመርፌ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉና የዲካል ማለስለሻ ፈሳሽ ጠብ አድርጉበት። ለቀጣዩ ፉርጎ መጀመሪያ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ዲካል፣ መጨረሻ ላይ ማት።

ዝገቱ ጭቃ ይመስላል

አንድ ዓይነት ቡናማ በሁሉም ቦታ ስለተቀባ ነው። ዝገት ዕድሜ አለው። አዲሱ ወደ ብርቱካናማ፣ አሮጌው ወደ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል። ውሃ በሚቆምበት ይጀምራል፦ የጣሪያ ስፌት፣ የበር ሐዲድ፣ ጭነት የፋቀው ጠርዝ። ከዚያ ቁልቁል ይፈሳል። የዘይት ቀለም ነጥብ አስቀምጡና በአኳራጅ እርጥበት ብቻ ባለው ብሩሽ ወደ ታች ሳቡት። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ደግሞም ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። የእውነተኛ ፉርጎ ፎቶ ከጎናችሁ ይኑር፤ እጃችሁ ሳታስቡት አንድ ወጥ ነጠብጣብ መሥራት ይወዳልና።

ከቀለም በኋላ ፉርጎው አልንከባለል አለ

ቀለም ወይም ዱቄት የአክስሉ ጫፍና ጫፉ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። ጎማዎቹን አውጡ፣ ጫፎቹን ጥረጉ፣ ጉድጓዱን በእንጨት ስንጥር አጽዱ። ሐዲድ የሚነካው የጎማ ገጽ ላይ ያለውን ቀለምም አንሱ፤ በእውነተኛው ባቡርም እዚያ ቦታ ብረቱ ተፍቆ ያብረቀርቃል። መንጠቆውንም ከፍታችሁ ዝጉ። ቀለም ካጣበቀው ፉርጎው መንገድ ላይ ከባቡሩ ሲለይ ትቀየማላችሁ፤ ከፍታውን ደጋግማችሁ ብትለኩም ምንም አታገኙም።