የኒንጃና የሳሙራይ ፊልም ሲሠራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ኒንጃና ሳሙራይን አጋጥሞ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ለመሥራት የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ከፍልሚያው ይጀምራል፦ ማን ያሸንፋል፣ ስንት ሰው ይወድቃል፣ ደሙ ምን ያህል ይረጫል። ፊልሙ የሚበላሸው ግን ገና ካሜራ ሳይከፈት ነው። ሳሙራይ ለጌታው በግልጽ የሚያገለግል፣ ማዕረጉ ከልብሱና ከትጥቁ የሚታወቅ ተዋጊ ነው። ኒንጃ ወሬ ለቅሞ በሕይወት እንዲመለስ የሚላክ ሰላይ ነው። የአንዱ ክብር በመታየት ላይ የቆመ ነው፤ ሌላው ከታየ አለቀለት። የተመልካች ልብ የሚንጠለጠለው እዚህ ላይ ሲሆን፣ ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ልዩነት የሚያጠፉ ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘመን ሳይመርጡ መጻፍ

«በጥንት ጃፓን» ብሎ የሚጀምር ስክሪፕት ኮስቲዩሙንም መሣሪያውንም ያምታታል። ሁለት ዘመኖችን ለይቶ ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያው መሳፍንቱ እርስ በርስ የተዋጉበት፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1600ው የሴኪጋሃራ ጦርነት አካባቢ ያለው ጊዜ ነው። ጥሩር፣ ጦር፣ ምሽግና ሰላይ በብዛት ያለው እዚህ ነው። ጠመንጃም አለ፤ ፖርቱጋሎች በ1543 ወደ ታኔጋሺማ ደሴት ካመጡት በኋላ ጃፓኖች ራሳቸው ማምረት ጀምረዋል። በ1575 በናጋሺኖ የኃያሉ መስፍን የኦዳ ኖቡናጋ ተኳሾች ጠመንጃ ምን እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ስለዚህ በ1580 የሚካሄድ ታሪክ ላይ አንድም ጠመንጃ ካልታየ ስህተት ነው።

ሁለተኛው ከ1603 እስከ 1868 የቆየው የኤዶ ዘመን ነው። አገሩ በአመዛኙ ሰላም ነው፤ ሳሙራዩ ደመወዝተኛ ሹም ሆኗል፤ ጥሩሩ ግምጃ ቤት ገብቶ በወገቡ የቀሩት ረጅምና አጭር ጎራዴዎቹ ናቸው። በ1700 ሺዎች የሚፋጁበት የሜዳ ጦርነት መጻፍ አያስኬድም። በጀቱ ትንሽ የሆነ ሰው ግን ይህንኑ ዘመን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ፈረስ አያስፈልግ፣ ጥሩር አያስፈልግ፣ አንድ ክፍልና አንድ ጠባብ መተላለፊያ ይበቃል።

ኒንጃውን ዋና ገጸ ባሕርይ ማድረግ ለሚፈልግ፣ ከኪዮቶ በስተደቡብ ምሥራቅ ካለችው ከኢጋ የተሻለ መነሻ የለም። በ1579 የኖቡናጋ ልጅ ኖቡካትሱ አባቱን ሳያማክር ኢጋን ወርሮ ተሸንፎ ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ አባትየው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጦር አዝምቶ አገሩን አጠፋው። በሁለቱ ዘመቻዎች መካከል ያለችው ጊዜ፣ ሰላይ ሁሉ የሚመጣውን እያወቀ የሚጠብቅባት ጊዜ፣ ለስክሪፕት የተሰጠች ናት።

ኒንጃን ሁልጊዜ ጥቁር ማልበስ

ከዓይን በቀር ሁለመናን የሚሸፍነው ጥቁር ልብስ በካቡኪ ቲያትር መድረክ ላይ ዕቃ ከሚያነሱና ከሚያቀብሉ ሠራተኞች የተወረሰ ነው ተብሎ ይታመናል። ተመልካቹ እነሱን እንደሌሉ መቁጠር ለምዷል፤ ስለዚህ ከመካከላቸው አንዱ ድንገት ጎራዴ ሲመዝ ያስደነግጠዋል። እውነተኛው ሰላይ ግን በቀን ነው የሚገባው፣ ሌላ ሰው መስሎ። በ1681 የተጻፈው «ሾኒንኪ» የተባለው የስለላ መመሪያ ሰላይ ሊመስላቸው ከሚገቡ ሰዎች መካከል ነጋዴን፣ መነኩሴን፣ የጎዳና ትርኢት አሳዪን፣ ዋሽንት እየነፋ የሚለምን ተንከራታች መናኝን ይጠቅሳል።

የመጨረሻውን ልብ በሉ። ኮሙሶ የሚባለው ይህ መናኝ ፊቱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የቅርጫት ባርኔጣ ያጠልቃል፤ በእጁ ሻኩሃቺ የተባለውን የቀርከሃ ዋሽንት ይዟል። በኤዶ ዘመን እንደ ሃኮኔ ባሉ ኬላዎች የይለፍ ወረቀት ይፈተሽ ነበር። እንግዲህ የኬላው ሹም ወረቀቱን አይቶ ዝም ካለ በኋላ «እስቲ ንፋው» ይበለው። ሰውየው ዋሽንቱን መንፋት ተምሯል ወይስ ይዞ ብቻ ነው የመጣው? አንድም ጎራዴ ሳይመዘዝ አምስት ደቂቃ የሚያስጨንቅ ትዕይንት ተገኘ።

ጥቁሩ ለካሜራም አይመችም። የሌሊት ትዕይንት ላይ ድፍን ጥቁር ጨርቅ ብርሃኑን ይውጥና ተዋናዩ ቅርጽ የሌለው ጥላ ይሆናል። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቡናማ አልብሱ፤ ከኋላ በኩል ዝቅ ያለ መብራት አድርጉ፤ የትከሻውና የጭንቅላቱ ጠርዝ ይለያል።

ሃያ ኒንጃ አሰልፎ ማስፈጀት

በ1676 የተጠናቀረው «ባንሴንሹካይ» የኢጋና የጎረቤቷ የኮካ ሰላዮችን እውቀት የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ነው። በውስጡ ስለ መግባት፣ ስለ መውጣት፣ ስለ እሳት፣ ስለ አየር ጠባይና ሰውን ስለማታለል የተጻፈው ብዙ ነው። ተራ በተራ እየመጡ በአንድ ሳሙራይ እጅ መሞት ግን የሰላይ ሙያ አይደለም። አንዱ ኒንጃ ቢያዝ ምን ምስጢር ይወጣል የሚለው ጥያቄ ካልተነሳ ሃያውም ማሟያ ብቻ ናቸው።

መሣሪያውም እንዲሁ። ቀጥ ያለው፣ አራት ማዕዘን የእጅ መከለያ ያለው «የኒንጃ ሰይፍ» ለመኖሩ የዘመኑ ማስረጃ የለም፤ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ነው። ኩናይ መቆፈሪያና መፈልፈያ እንጂ የሚወረወር ቢላ አልነበረም። ሹሪከን፣ በኮከብም ሆነ በወስፌ ቅርጽ፣ አሳዳጅን ለቅጽበት የሚያዘናጋ ወይም የሚያቆስል ነገር ነው፤ አንድ ውርወራ አንድ ሬሳ የሚለው ሒሳብ ይቅር። ጎራዴን በጀርባ አዝሎ በትከሻ ላይ መምዘዝም በእጅ ርዝመት የተወሰነ ነው፤ 70 ሳንቲ ሜትር ስለት ያለውን ስትሞክሩት ጫፉ አፎቱ ውስጥ ይቀራል።

በምትኩ ቤቱን ተጠቀሙበት። ኪዮቶ የሚገኘው የኒጆ ግንብ ኮሪደር ሲረገጥ እንደ ወፍ ይጮኻል፤ ከጣውላው ሥር ያሉት የብረት ማያያዣዎች ከሚስማሩ ጋር ይፋተጋሉ። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው አይደለም የሚለው ያከራክራል፤ ለፊልም ግን ወርቅ ነው።

ሳሙራይን ካራቴ ማስመታት

በቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ኩንግ ፉውንም ኒንጃውንም በአንድ ላይ «ካራቴ ፊልም» ስለሚለው ይህ ስህተት ለእኛ ቅርብ ነው። ካራቴ በስተደቡብ ያለችው የኦኪናዋ ደሴት ነው፤ መምህሩ ፉናኮሺ ጊቺን ቶኪዮ ላይ ያሳየው በ1922 ነው። ያኔ ሳሙራይ የሚባል መደብ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጎራዴ ታጥቆ መውጣት እንኳ ከተከለከለ (1876) ብዙ ዓመት ሆኖታል። ኑንቻኩና ሳይም ከዚያው ከኦኪናዋ ናቸው። ሳሙራይ ባዶ እጁን ሲሆን የሚጠቀመው ጁጁትሱን ነው፦ እጅ ይይዛል፣ ያጠማዝዛል፣ ይጥላል፣ በአጭር ጎራዴ ይጨርሳል። ጥሩር የለበሰን ሰው በቡጢ መምታት የራስን አጥንት መስበር ነው።

ጎራዴውን አለማወቅ

ሰው የሚሳሳተው ከአስተጣጠቁ ጀምሮ ነው። ካታና የተባለው የሳሙራይ ጎራዴ በግራ ጎን፣ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ በመቀነቱ መካከል ይሰካል። ከጥሩር ጋር የሚያዘው የቀድሞው ረጅም ጎራዴ ግን ስለቱ ወደ ታች ሆኖ በገመድ ይንጠለጠላል። የእኛ አባቶች ጎራዴን በቀኝ ጎናቸው ይታጠቁ ስለነበር፣ የአገራችንን የታሪክ ድራማ የለመደ ተዋናይ ካለ ቀድማችሁ አርሙት። ግራኝ ሳሙራይም በግራው ነው የሚታጠቀው።

አመዛዘዙ የሁለት እጅ ሥራ ነው። ግራ እጅ የአፎቱን አፍ ይይዛል፣ አውራ ጣቱ መከለያውን ገፋ ያደርጋል፣ ስለቱ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ይላቀቃል። ከዚያ ቀኝ እጅ እጀታውን ይዞ ሲስብ ግራው አፎቱን ወደ ኋላ ይጎትታል። ጀማሪ ተዋናይ ግራ እጁን ይረሳል፤ ጎራዴው መሀል ላይ ይያዝበትና ትዕይንቱ ይፈርሳል። ከተመዘዘ በኋላ ቀኝ እጅ ከመከለያው ሥር፣ ግራ እጅ ከእጀታው መጨረሻ ይያዛል፤ በመካከል ክፍተት አለ። ሁለቱን እጅ ማጣበቅ ጎራዴውን መጥረቢያ ያስመስለዋል።

አፎቱ እንጨት ነው። ስለዚህ ሲመዘዝ «ሽንንን» የሚል የብረት ድምፅ የለም፤ እንጨትና ጨርቅ ብቻ ነው የሚሰማው። ድምፁን ኤዲቲንግ ላይ መጨመር የሚወድ ብዙ ነው፤ ሳይሰማ ሊመዝ የሚፈልግ ኒንጃ ላይ ሲጨመር ግን ትዕይንቱን ራሱን ይገድለዋል።

የካታና ስለት በጣም ጠንካራ ስለሆነ ይሸረፋል፤ ጀርባው ለስለስ ያለ ነው። ስለት በስለት ደጋግሞ ማጋጨት ጎራዴን ማበላሸት ነው። አዋቂ ሰው ከመስመሩ ወጣ ይላል፣ ወይም በጎኑ አንሸራቶ ያሳልፈዋል። አንድ ሁለት ግጭት፣ አንድ ቁርጥ፤ ፍልሚያው አልቋል። ሦስት ደቂቃ ሲንቀጫቀጭ የሚቆይ ፍልሚያ ማንም እንደማይሞት ለተመልካቹ ይነግረዋል። ካታና የብረት ጥሩርንም ለሁለት አይሰነጥቅም፤ የሚፈለገው ጉሮሮ፣ ብብት፣ የጭን ውስጥና የእጅ አንጓ ነው። ለዚህም ነው በጦር ሜዳ ላይ ጦርና ቀስት፣ በኋላም ጠመንጃ፣ ከጎራዴ የሚቀድሙት።

ትናንሽ የቤትና የልብስ ስህተቶች

ኪሞኖ ሲለበስ የግራው ጎን ከላይ ይውላል። የቀኙን ከላይ ማድረግ የሬሳ አለባበስ ነው፤ ምስሉ በሶፍትዌር ከግራ ወደ ቀኝ ሲገለበጥ ደግሞ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሬሳ ይሆናል፣ ጎራዴውም ቀኝ ጎን ይገባል። ቤት ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ረጅሙ ጎራዴም ይፈታል፤ ቁጭ ሲባል በቀኝ ጎን ከተቀመጠ «ልመዝብህ አላሰብኩም» ማለት ነው፣ በግራ ከተቀመጠ ግን ነገር አለ። ያለ ንግግር ውጥረት ለመፍጠር ይህ ይበቃል።

ያሱኬን ሐበሻ ነው ብሎ መደምደም

ኖቡናጋን ያገለገለው ጥቁር ሰው ያሱኬ በእርግጥ ነበረ። በ1579 ከጣሊያናዊው ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ ከቫሊኛኖ ጋር ጃፓን ገባ፤ በ1581 ከኖቡናጋ ጋር ተገናኘ፤ በ1582 ጌታው በሆኖጂ ቤተ መቅደስ ሲሞት እዚያው ነበር። በዘመኑ የተጻፈ አንድ ማስታወሻ ቁመቱን 188 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያደርገዋል። የትውልድ አገሩን ግን በቅርብ ያወቁት ሰዎች አልጻፉም። ሞዛምቢክ የሚለው በ1627 የታተመ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ነው የሚለው ግምት ነው። ገጸ ባሕርዩን አማርኛ ማናገር የደራሲ መብት ሆኖ ሳለ «እውነተኛ ታሪክ» የሚል ጽሑፍ ከፊት መለጠፍ ግን አያስኬድም።

ፍልሚያውን በሙሉ ፍጥነትና በእውነተኛ ብረት መቅረጽ

የተሳለ ጎራዴ ቀረጻ ቦታ ላይ መገኘት የለበትም፤ ለቅርብ ምስልም ቢሆን። የጃፓን ስቱዲዮዎች ለፍልሚያ የሚጠቀሙት ብርማ ወረቀት የተለበጠ የቀርከሃ ጎራዴ ነው፤ ለቅርብ ምስል የአሉሚኒየም ቅይጥ ያስገባሉ። የቀርከሃው ችግር ወረቀቱ ሲጨማደድ በፀሐይ ላይ መታወቁ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተዋናይ መለዋወጫ አዘጋጁ። አሉሚኒየሙ ደግሞ ሲጋጭ ጠርዙ ይሾላል፤ በየቀረጻው መካከል በሞረድ አለስልሱት። ስለቱን ከእጀታው ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የቀርከሃ ችንካርም መፈተሽ አለበት፤ እሱ ከላላ ስለቱ ተነቅሎ ይበራል።

ፍልሚያውን ከአምስት እስከ ሰባት እንቅስቃሴ ባለው ክፍል ከፋፍሉ። መጀመሪያ በሩብ ፍጥነት፣ ከዚያ በግማሽ፣ ቀጥሎ በሦስት አራተኛ ተለማመዱ፤ ቀረጻውም በዚያው ይሁን። ካሜራውን በሰከንድ ከ24 ወደ 22 ፍሬም ዝቅ ማድረግ የጎደለውን ፍጥነት ይሞላዋል። ጫፉ ከሰውነት ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ 85 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሌንስ ክፍተቱን ይደብቀዋል። ውጊያው ከተመታው ሰው ዝግጁነት ጋር ይሂድ፦ ሟቹ በዓይኑ ምልክት ካልሰጠ አጥቂው አይሰነዝርም። ሹሪከን በሰው አቅጣጫ ፈጽሞ አይወረወርም፤ በባዶ እጅ ውርወራውን ቅረጹ፣ ቀጥሎ እንጨቱ ላይ ቀድሞ የተተከለውን አሳዩ።

ከገደለ በኋላ ቶሎ ብሎ ጎራዴውን ወደ አፎቱ የሚከት ተዋናይ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ደም የነካው ስለት አፎቱ ውስጥ ይዝጋል፤ ሳሙራዩ በወረቀት ይጠርገዋል፣ ዓይኑን ከወደቀው ሰው ላይ ሳያነሳ ቀስ ብሎ ይከተዋል። ይህ ኤዲተሩ ሁለተኛውን ኒንጃ የሚያስገባበት አምስት ስድስት ሴኮንድ ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ሠራሹ ደም ከስኳር ሽሮፕ የተሠራ ከሆነ አፎቱን ከስለቱ ጋር ያጣብቀዋል። በየቀረጻው መካከል ሁለቱንም በለብ ባለ ውኃ እጠቡና አድርቁ፤ አለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ ተዋናዩ ሲስብ አብሮ የሚመጣው አፎቱ ነው።