ሱቅ ውስጥ ያበራው ዳይመንድ ቤት ሲገባ ለምን ይሞታል? ችግርና መፍትሄ

ጣፎ መንገድ ዳር ትንሽ የወርቅ መጠገኛ ሱቅ አለችኝ። ቀለበት አጠባለሁ፣ አሰፋለሁ፣ የተበጠሰ ሀብል እበይዳለሁ። ዳይመንድ አልሸጥም። ግን ሌላ ቦታ የተገዛው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። «እስቲ እየው፣ እውነተኛ ነው?» ይሉኛል። ችግሩ የሚጠይቁኝ ብሩ ከተከፈለ በኋላ መሆኑ ነው።

ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የወርቁን ማህተም እዩ፣ ድንጋዩን ጥረጉት የሚለውን አልደግምም። ታውቁታላችሁ። አንድ ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ግን ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ምልክት፦ ሱቅ ውስጥ እሳት ነበር፣ ቤት ሲደርስ ሞተ

ከሁሉም በላይ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። አሁንማ ሰው በር ላይ ቆሞ «አንድ ነገር ላሳይህ ነበር» ሲል ፊቱን አይቼ አውቀዋለሁ።

ጥፋተኛው መብራቱ ነው። ወርቅ ቤት ጣሪያ ላይ የተደረደሩት ትንንሽ አምፖሎች እንዲሁ አልተሰቀሉም። እያንዳንዷ አምፖል ከድንጋዩ ፊቶች ላይ የራሷን ብልጭታ ታወጣለች። እዚያ ሥር የመጠጥ ብርጭቆም ያምራል።

ዳይመንድን የሚያበራው አቆራረጡ ነው። ከላይ የገባው ብርሃን ከጀርባው ፊቶች ነጥሮ ወደ ዓይናችሁ መመለስ አለበት። ጀርባው ከልክ በላይ ከሳሳ ብርሃኑ በታች ያመልጣል። ያኔ መሃሉ መስኮት ይሆናል፤ ጣታችሁን በድንጋዩ ውስጥ ታዩታላችሁ። ከልክ በላይ ከጠለቀ ደግሞ መሃሉ እንደ ምስማር ራስ ይጠቁራል። ለክብ ድንጋይ ቁመቱ ከስፋቱ 60 በመቶ አካባቢ ሲሆን ደህና ነው።

ቆራጩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ዳይመንድ የሚሸጠው በክብደት ነው። ስለዚህ ሆድ ይተውለታል፣ እናንተ የሆዱን ትከፍላላችሁ። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። በወጉ የተቆረጠ ክብ የ1 ካራት ድንጋይ ስፋቱ 6.5 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ለክታችሁ 6 ካገኛችሁ ቀሪው ሆዱ ውስጥ ተደብቋል።

አንዲት ሙሽራ ከአክስቷ ጋር ሆና እንዳማርጣት ይዛኝ ሄደች። ሻጩ ሁለት ቀለበት አወጣ። ልጅቷ ትልቁን አየችና ሌላውን ረሳችው። እኔ ገና አጉሊ መነጽሬን ስፈልግ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየ። የነበረን ብርሃን በበሩ የሚገባው ብቻ ነው። ትልቁ ድንጋይ ግራጫ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ይመስል ነበር። ትንሹ ግን እጇን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ነጭና ጥቁሩ ይለዋወጣል። ሻጩ «አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል» ይላል። አክስቷ ሳቁ። «መብራት መሄዱ ለአንድ ቀን እንኳን ይጥቀመን እንጂ!» አሉና ትንሹን አስጠቀለሉ።

መፍትሄው ይኸው ነው፤ መብራት እስኪሄድ አትጠብቁ። ቀለበቱን ወደ በሩ ይዛችሁ ሂዱና ጥላ ውስጥ እዩት። ፀሐይ ላይ አይደለም! የእኛ አገር የቀን ፀሐይ ሌላው አታላይ ነው፤ ድንጋዩ ይጠቁርና ሹል ብልጭታ ይረጫል፣ ጥሩውም መጥፎውም አንድ ይሆናል። ቀጥሎ ጠረጴዛ ሥር አስገቡትና እዩት። ከዚያ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከሩቅ። ደህና ድንጋይ ጠረጴዛ ሥርም ሕይወት አለው።

ማስጠንቀቂያ፦ በስልክ መብራት አትፈትሹ። ያው የሱቁን አምፖል በኪሳችሁ ይዛችሁ መዞር ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሻጩ ወደ በሩ እንዳትወስዱት ከከለከለ ስርቆት ፈርቶ ሊሆን ይችላል። አብሯችሁ ይምጣ። አብሮም አልመጣም ካለ ቀለበቱን መልሱለት።

ምልክት፦ የነበረው ብርሃን ቀስ በቀስ ጠፋ

ይሄ ቆሻሻ ነው፣ አትደንግጡ። ዳይመንድ ቅባት ይወዳል። የደቡብ አፍሪካ ማዕድን ቆፋሪዎች ዳይመንድን ከጠጠር የሚለዩት ቅባት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ እያሳለፉ ነበር፤ ዳይመንዱ ይለጠፋል፣ ጠጠሩ ከውኃው ጋር ይሄዳል። እናንተ ደግሞ ቀለበቱን ሳታወልቁ ፀጉር ቅቤ ትቀባላችሁ፣ ሊጥ ታቦካላችሁ። ከፈርጡ ጀርባ የደረቀ ሊጥ በመርፌ ያወጣሁበትን ቀን መቁጠር ትቻለሁ። ለብ ያለ ውኃ፣ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ጀርባውን ፈትጉ። ደግሞ እባካችሁ ቧንቧ ላይ አይደለም፣ ሳህን ውስጥ።

ምልክት፦ የፈርጡ ጠርዞች ተድበስብሰዋል

ዚርኮን ነው፤ ገበያ ላይ እንዲህ የሚሉት ኪዩቢክ ዚርኮኒያ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ዳይመንድ መሰል ድንጋይ ነው። ከቤይሩት የተመለሰች አንዲት እህት አራት ዓመት ያላወለቀችውን ቀለበት ልትሸጥ አመጣችልኝ። የኮንዶሚኒየም ክፍያ ጎድሏት ነበር። በአጉሊ መነጽር አየሁት። በሁለት ፊቶች መገናኛ ላይ ያለው መስመር የዳይመንድ ከሆነ እንደ ምላጭ ስል ነው። የእሷ ግን ብዙ እጅ እንደነካው ሳሙና ዞሯል፣ አናቱም ጭረት በጭረት ሆኗል። ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት፤ ለራሴ ሳይሆን እንዴት እንደምነግራት እስካስብ። ወርቁ 18 ካራት ነበር፣ የወርቁን ዋጋ አገኘች።

በጥንካሬ መለኪያ ዚርኮን 8 ተኩል አካባቢ ነው፣ ዳይመንድ 10። ቁጥሩ ቅርብ ይመስላል፤ በተግባር ልዩነቱ የትየለሌ ነው። አዲስ ዚርኮን ላይ ግን ይህ ምልክት ገና አይታይም። ድንጋዩ ካልታሰረ መዝኑት፤ ዚርኮን ተመሳሳይ ስፋት ካለው ዳይመንድ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይከብዳል።

«መስታወት ይቆርጣል» የሚላችሁን አትስሙ። ዚርኮንም መስታወት ይጭራል። በእሳት አግሎ ውኃ ውስጥ መንከርም አለ፤ እባካችሁ ተዉት። በትንፋሽ አጉሞ ጉሙ ቶሎ ጠፋ ማለትም በጠዋት ብርድ አይሠራም።

ምልክት፦ ቀስተ ደመናው በዛ፣ መሞከሪያው ግን «ጢጥ» አለ

ሞይሳናይት ነው። ይሄም ሌላ ሰው ሠራሽ ዳይመንድ መሰል ድንጋይ ነው። ቀለም የመበተን ኃይሉ ከዳይመንድ ሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ የዲስኮ መብራት ይመስላል። የተለመደው የመሞከሪያ እስክሪብቶ የሚለካው ሙቀት ማስተላለፉን ነው፣ ሞይሳናይትም ሙቀት ስለሚያስተላልፍ ያልፋል። ሻጩ እስክሪብቶውን አስጩኾ ሲስቅላችሁ አብራችሁ አትሳቁ። በአጉሊ መነጽር ከአናቱ ሳይሆን ከጎን ባሉት ፊቶች በኩል አጋድላችሁ እዩ። የጀርባው መስመሮች ሁለት ሁለት ሆነው ከታዩ ሞይሳናይት ነው። ዳይመንድ መስመሩን አይደግምም።

ምልክት፦ ነጭ ነው ተብሎ ቢጫ ሆነ

ቢጫ ወርቅ ላይ ሲታሰር ቢጫነቱ ይሸሸጋል። ነጭ ወረቀት እጠፉ፣ ቀለበቱን አጋድላችሁ በእጥፉ ላይ አድርጉና ከጎን እዩት። የነጭነቱ ደረጃ ከ«ዲ» ጀምሮ እስከ «ዜድ» ይወርዳል። ለቢጫ ወርቅ ቀለበት «ዲ» ልግዛ ብሎ መክሰር ግን ሞኝነት ነው።

ጀርባው በብረት የተደፈነ ፈርጥ ከሆነ ይህን ፍተሻ ማድረግ አትችሉም። ለምን እንደተደፈነ ጠይቁ።

ምልክት፦ «18 ካራት ዳይመንድ ነው»

አይደለም። የወርቁ ካራት ንጽህና ነው፣ የድንጋዩ ካራት ክብደት ነው። 18 ካራት የሚመዝን ክብ ዳይመንድ 17 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት አለው። እሱን ያሰረች ሴት ጣፎ ሚኒባስ ስትጋፋ አላየሁም።

ምልክት፦ ሁሉም ደህና ነው፣ ዋጋው ግን ረከሰ

ላቦራቶሪ ውስጥ ያደገ ዳይመንድ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ዳይመንድ ነው፤ በዓይን የሚለየው ሰው የለም፣ እኔንም ጨምሮ። የድንጋዩን የምስክር ወረቀት ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የወረቀቱ ቁጥር በድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር ተጽፏል፤ በአጉሊ መነጽር አንብቡና አስተያዩ።

ምልክት፦ ቀለበቱ ነጠላ ይይዛል

ፈርጡን ከያዙት ጥፍሮች አንዱ ተነስቷል። የዚያኑ ቀን አስጠብቁት። አንዲት ደንበኛዬ ከበዓል በኋላ አመጣዋለሁ ብላ ሄደች። በበዓሉ ዋዜማ ፈርጡ ቡሃቃ ውስጥ ወደቀ። ግማሽ ቀን ሊጡን በወንፊት ስታሳልፍ ውላ አገኘችው። ዳይመንዱ ምንም አልሆነም። እንጀራው ግን ከጎረቤት መጣ።