የመኪና ዊንች እንዳይቃጠል
በክረምት ከጅማ ወደ ጎማና ሊሙ ወረዳዎች የቡና ቀበሌዎች የምትጓዙ አሽከርካሪዎች፣ ጭቃ የያዘውን መኪና በኤሌክትሪክ ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ በሚስብ መሣሪያ) ስታወጡ የመኪናውን ሞተር አታጥፉ፤ ዊንቹ ጭነት ሲከብደው ከ12 ቮልት ባትሪ ከ300 አምፔር በላይ ሊስብ ስለሚችል፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ካላገዘው ባትሪው ይደክማል፣ ቮልቴጁም ሲወርድ የዊንቹ ሞተር ይበልጥ ይግላል። ከአንድ ደቂቃ በላይ በተከታታይ ከመሳብ ይልቅ በየመሀሉ አቁማችሁ የዊንቹን ሞተር ሽፋን በእጃችሁ ዳስሱ፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቁ (እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ፣ የተቃጠለው የመዳብ ሽቦ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም)። የብረት ገመዱን ስትዘረጉ ቢያንስ 5 ዙር በመጠቅለያው ላይ ይቅር። ዋንዛ ላይ ስታስሩም ገመዱን በግንዱ አዙራችሁ ጋንቾውን መልሳችሁ በራሱ በገመዱ ላይ አትሰኩ፤ ገመዱ ተጣሞ ክሩ ስለሚበጠስ፣ ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ መጠቀም ይሻላል።