የደመወዝ ጭማሪ ስትጠብቁ በ0.58 አባዙት

ሐዋሳ ውስጥ በድርጅት ሒሳብ፣ ሕግ ወይም የሰው ኃይል ክፍል ለምትሠሩ። «10 በመቶ ተጨምሮላችኋል» ከተባለ በኋላ ወር ሲደርስ ብሩ የት እንደገባ ግራ ከገባችሁ፣ ይቺን ያዙ።

ደመወዛችሁ ከ14,000 ብር በላይ ከሆነ ጭማሪውን በ0.58 አባዙት። እጃችሁ የሚገባው እሱ ነው። ከ14,000 በላይ ባለው ላይ የሥራ ግብር 35 በመቶ ነው፣ ጡረታ 7 በመቶ። ግብሩ የሚሰላው ጡረታ ሳይቀነስ ስለሆነ ከጭማሪው 42 በመቶው ይሄዳል።

20,000 ብር የሚከፈለውን ሰው እንይ። 10 በመቶ ማለት 2,000 ብር ነው። ግብር 700፣ ጡረታ 140 ሲቆረጥ 1,160 ይቀራል። በፊት እጁ ይገባ የነበረው 13,650 ነው። እውነተኛው ጭማሪ እንግዲህ 8.5 በመቶ ገደማ ነው። ታቦር አካባቢ ያለው አከራዩ በወር 1,500 ብር ከጨመረበት፣ ጭማሪው ኪራዩን እንኳ አልሸፈነም።

ስለዚህ አለቃችሁ ጋ ከመግባታችሁ በፊት ተገላቢጦሹን ሥሩ። በእጅ የምትፈልጉትን ለ0.58 አካፍሉ። 1,500 ብር ለማግኘት 2,590 ገደማ መጠየቅ አለባችሁ። በጀቱ ሐምሌ 1 የሚጀምር ድርጅት ከሆነ ደግሞ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ አንሱት። ሰኔ መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ አልቆለታል።

ደመወዛችሁ ከ14,000 በታች ከሆነ ወይም የተጨመረው አበል ከሆነ ግን በዚህ አታስሉ። ጡረታ የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዝ ነው፣ የአበል ግብርም እንደ ዓይነቱ ይለያያል።