ሮቦቷ ያልታዘዘችውን ስትሄድ

የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ቢ-ቦት የተባለችውን፣ በጀርባዋ ባሉ የቀስት ቁልፎች ታዝዛ በካሬዎች ላይ የምትሄድ ንብ መሳይ ሮቦት ሲያዝዙ ካሰቡት ካሬ አልፋ ትሄድ ነበር። ምክንያቱ አዲሱ ትእዛዝ በቀድሞው ላይ መጨመሩ ነው። አሁን ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት የቀድሞውን ትእዛዝ የሚያጠፋውን፣ የኤክስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይጫናሉ፤ ችግሩም ተወገደ።

የከበደው መዞሩ ነበር። ልጆቹ የቀኙን ቀስት ሲጫኑ ሮቦቷ ወደ ቀኙ ካሬ የምትገባ ይመስላቸዋል፤ እርሷ ግን ባለችበት 90 ዲግሪ ዞራ ትቆማለች። ስለዚህ ወለሉ ላይ ሰፋፊ ካሬዎች በኖራ አሰመርኩ፤ አንዱ ልጅ ሮቦት ይሆናል፣ ጓደኛው «ዙር»፣ «አንድ እርምጃ ሂድ» እያለ ያዝዘዋል። በሰውነታቸው ሲያዩት ገባቸው፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ወደ ሮቦቷ 15 ሳንቲ ሜትር ካሬዎች ስንመለስ ግን ልጆቹ ከኋላዋ ይቁሙ፤ ፊት ለፊት የቆመ ልጅ ቀኝና ግራው ይምታታበታል።