የጣት አሻራ መግቢያ በኡቡንቱ፦ እኔ ጋ እንዴት እንደሠራ

ደብረ ብርሃን ያለው የጽሕፈትና ኮፒ ቤታችን ዴስክቶፕ የሚሠራው በኡቡንቱ (ከሊነክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች አንዱ) ነው። የዩኤስቢ አሻራ ማንበቢያ ሰካሁበት። ሴቲንግ ውስጥ ግን የአሻራ ምርጫው ጭራሽ አይታይም።

ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ፣ የተሰኩ የዩኤስቢ መሣሪያዎችን በሚዘረዝረው «ኤልኤስዩኤስቢ» (lsusb) ትእዛዝ የመሣሪያውን መለያ ቁጥር አየሁ። ሊብኤፍፕሪንት (libfprint) ሊነክስ ላይ አሻራ ማንበቢያዎችን የሚያሠራው ሶፍትዌር ነው፤ ቁጥሩን እሱ ከሚደግፋቸው መሣሪያዎች ዝርዝር ጋር አመሳከርኩት። አለ! እባካችሁ ይህን ሳታጣሩ ማንበቢያ አትግዙ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ልፋቱ ከንቱ ነው። ቀጥዬ የአሻራ አገልግሎቱን ኤፍፕሪንትዲን (fprintd) እና አሻራውን ከመግቢያው ጋር የሚያገናኘውን የፓም (PAM፣ የሊነክስ የመግቢያ ማረጋገጫ ሥርዓት) ሞጁል ጫንኩ። በ«ፓም አውዝ አፕዴት» (pam-auth-update) ትእዛዝ የአሻራውን ሳጥን መረጥኩ። ምርጫው ብቅ አለ።

ከዚያ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አላነብም አለ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጣት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ማንበቢያው ደግሞ ደረቅ ቆዳ ይቸግረዋል። የሁለቱንም እጆቼን ጣቶች መዘገብኩ። ሎሽን ተቀብቼ ትንሽ እቆያለሁ። አሁን ወዲያው ያነባል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በአሻራ ስትገቡ ፓስወርዶች የሚቀመጡበት ኪሪንግ ተቆልፎ ይቀራል፤ የሚከፈተው በፓስወርድ ነውና። ብሮውዘር ስትከፍቱ ቢጠይቃችሁ ብልሽት አይደለም። እኔ ማሽኑን ሳበራ በፓስወርድ እገባለሁ፤ አሻራውን ለተቆለፈ ስክሪንና ለ«ሱዶ» (sudo፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ትእዛዝ ማስኬጃ) እጠቀምበታለሁ።