በ720720 ላይ የምትሠሯቸው ስህተቶች

አራት ኪሎ ፎቅ ላይ በተከራየኋት ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ አስጠናለሁ። ለአዲስ ተማሪ ሁሉ ማሟሻ የምሰጠው 720720ን ነው። ከ1 እስከ 16 ላሉት ቁጥሮች በሙሉ ያለ ቀሪ የሚካፈል ትንሹ ቁጥር እሱ ነው።

የሚያንጨረጭረኝ ስህተት አንድ መጨመር መርሳት ነው። ቁጥሩ ሲተነተን 2⁴ × 3² × 5 × 7 × 11 × 13 ይሆናል። እዚህ ድረስ ሁሉም ጎበዝ ነው። «ስንት አካፋይ አለው?» ስል ግን አርቢዎቹን፣ ማለትም እያንዳንዱ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደገባ የሚናገሩትን፣ ብቻ ያባዙና፣ 4 × 2 × 1 × 1 × 1 × 1፣ «8» ይሉኛል። ስምንት! ልጄ፣ እስከ 16 ላለው ሁሉ ይካፈላል አላልኩህም? እነሱ ብቻ አሥራ ስድስት ናቸው! ባለፈው አንዱ መልሱን ሁለት ጊዜ አስምሮበት ሲያሳየኝ፣ ከታች ካፌ ያስመጣሁት ማኪያቶ እስኪቀዘቅዝ ዝም ብዬ አየሁት። አካፋይ ስትሠሩ ከአራቱ ሁለቶች ስንቱን እንደምትወስዱ ትመርጣላችሁ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ወይም ጭራሽ ምንም። ይቺ «ምንም» ናት የምትረሳው። ስለዚህ ለ2 አምስት ምርጫ፣ ለ3 ሦስት፣ ለቀሩት ሁለት ሁለት። 5 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2፣ 240 አካፋይ።

የአኃዞቹ ድምር ለ3 ከተካፈለ ቁጥሩም ለ3 ይካፈላል፤ ለ9ም እንዲሁ። ይህ አኃዞችን ደምሮ መፈተሽ ለ3 እና ለ9 ነው፤ ለ27 አይሠራም። የ1899 አኃዞች ድምር 27 ነው፣ ለ27 ሲካፈል ግን 9 ይተርፋል። በቃ።

አንድ ነገረኛ ደግሞ ቁጥሩን በግዕዝ ፸፪፼፯፻፳ ብሎ ጻፈና የምልክቶቹን ዋጋ ደምሮ 10199 አገኘ፤ «ለ3 አይካፈልም» አለኝ። እዚያ ፼ እና ፻ የሚባዙ እንጂ የሚደመሩ አይደሉም። ልጁን ግን ወደድኩት።

ኤክሴልን አትመኑ። 2⁶⁰ን በኤክሴል ያሠራች ልጅ «መጨረሻው ዜሮ ነው፣ ለ5 ይካፈላል» አለች። ሁለትን በሁለት ስናባዛ አምስት በየት ገባ? ኤክሴል ከ15 አኃዝ በላይ ስለማይዝ የተረፈውን በዜሮ ሞልቶ 1152921504606850000 ይላል። እውነተኛው 1152921504606846976 ነው።

ቶሎ «ፕራይም ነው» (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም) ማለትን እኔም ሠርቼዋለሁ። ማስጠናት የጀመርኩ ሰሞን፣ 720721 ከ2 እስከ 16 ለማናቸውም ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፣ ስለዚህ ፕራይም ነው ብዬ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ። እስከ 848 ያሉትን ፕራይሞች መሞከር ነበረብኝ፤ 849 በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ ስለሚበልጥ ከዚያ ወዲያ አያስፈልግም። ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች፦ 71 × 10151። ዳስተር እስክፈልግ አልጠበቅኩም፣ በኮቴ እጅጌ ነው ያጠፋሁት።